የአባ ኦርቢስ ጀልባና የኩሬው ዓሣ

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ገና ፊቴን ሳልታጠብ አማቴ ኢና መይረም በሬ ላይ ቆመው «ኩሬው ውስጥ አንድ ነገር ገብቷል» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ብዙ ጊዜ የምትገኘው የራሳቸው ፍየል ናት። ገመድ ይዤ ወጣሁ።

ፍየል አልነበረችም። ጥቁር ጀርባ፣ በላዩ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ የሣለው የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ፣ ቀስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል። ሌሊት ጨረቃዋ ሞልታ ባሕሩን ስታስነሳው ውሃው የድንጋዩን ደፍ አልፎ ኩሬያችን ገብቷል፤ እሱም አብሮ ገብቷል። ውሃው ሲመለስ እሱ ቀረ።

ይህ ዓሣ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወደ ወሽመጣችን ይመጣል። የእኔ የሰሌን ጎጆዎችም እንግዳ የሚያገኙት እሱን ብለው ከሚመጡ ፈረንጆች ነው። ሻርክ ይሉታል እንጂ የሚነክስበት ጥርስ የለውም፤ አፉን ከፍቶ ከውሃው ውስጥ ደቃቁን እያጠለለ የሚኖር ጨዋ ነው። እስከ ዛሬ ግን እኛ ወደ እሱ እንሄድ ነበር እንጂ እሱ እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም። ርዝመቱ የያዮን ጀልባ ያህላል። ያዮ ከወሽመጡ ማዶ ያለ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለርዝመቱ ስል ነው ያነሳሁት።

አባ ኦርቢስ፣ የሟቹ ባሌ የዳውድ አባት፣ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ መጡ። ብዙ ቆመው አዩትና አንድ ቃል ተናገሩ።

«ጉበት።»

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ወሽመጥ የእንጨት ጀልባ የሚሠራ ሰው ከአባ ኦርቢስ በቀር አልቀረም፤ ሌላው ሁሉ በፕላስቲኩ ነው የሚሄደው። ዳውድ ከሞተ ወዲህ አንድ ጀልባ ይዘው፣ ዛፍ ሥር፣ ሲጠርቡ ሲጠርቡ አሁን ጨርሰዋል። የጎደለው ዘይቱ ብቻ ነው። አባታቸውም አያታቸውም ጨው ጭነው የመን ሲሻገሩ የጀልባቸውን ሆድ የሚቀቡት በዚህ ዓሣ ጉበት ዘይት ነበር፤ የባሕር ነቀዝ አይደፍረውም ይላሉ። ደግሞ በእኛ ወግ የባሕር ሙላት ኩሬ ውስጥ የተወው ሁሉ የኩሬው ባለቤት ንብረት ነው። ኩሬው የእኛ ነው። ስለዚህ ዓሣው የአባ ነው። ማንም ክፉ ሊናገራቸው አይችልም።

ዛሬ ቢላዋቸውን ሲስሉ ዋሉ።

ኢና መይረም «ይሄ የባሕር ሼኽ ነው፤ የገደለው ሰው መረቡ ባዶ ይወጣል» አሏቸው።

«ሼኽ ከሆነ ምን ሊሠራ ኩሬ ገባ? ሼኽ መንገድ አይስትም» አሉ አባ፣ መሳላቸውን ሳያቋርጡ።

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ «አባ፣ አሁን ከሩቅ መንገድ የገባ ነው፣ ከስቷል። ጉበቱ የሚሞላው ሲያርፍ ነው። እስከሚቀጥለው ሙላት ይወፍር» አልኳቸው። እሳቸው ለዒድ የሚያርዱትን ፍየል አስቀድመው የሚያደልቡ ሰው ናቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ።

የዓሣ ማድለብ የሚባል ነገር ዛሬ እኔ ፈጠርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። እንግዶቹ ቁርስ ይጠብቃሉ።

ዓሣውን በአዲሱ ጨረቃ ሙላት ለማስወጣት ትልቅ መረብ ያስፈልጋል። ትልቅ መረብ ያለው ያዮ ብቻ። ሌላ ሰው ቢኖረው ኖሮ ሌላ ሰው ጋ እሄድ ነበር።

ቀትር ላይ ሄድኩ።

ማታ፦ ያዮ ዳጉ ሳይለዋወጥ መልስ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ተቀምጬ የዓለሙን ወሬ አወራሁለት፤ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋች። እሱም በተራው የራሱን አወራኝ፤ የእሱ ወሬ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጣል። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ወደ መረቡ ደረስን። መረቡን እንደሚሰጥ፣ ራሱም መጥቶ ደፉ ላይ ያሉትን ድንጋዮች ከፍቶ መውጫ እንደሚያበጅ ነገረኝ። በሚሠራበት ቀን ምሳ እንዳበላው ግን ጠየቀ።

«ምሳ ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል አልሰጥም» አልኩት።

«እኔም ያልኩት ምሳ ነው። ቃል ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ተነስቼ ጀልባ ላይ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ የወሽመጡ መሃል ስደርስ ነው፤ ጥሩ መልስ ነበር፣ አሁን ግን ስጽፈው ያን ያህል አይደለም።

ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

ካሚል ከጂቡቲ ከተማ ሊመጣ ነው። የዳውድ ታናሽ ነው፤ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል። አባ «ጀልባው ባሕር ሲገባ የቤተሰቡንም ጉዳይ እንጨርሳለን» ብለው ጠርተውታል።

የቤተሰቡ ጉዳይ እኔ ነኝ። ባሏ የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ይወርሳታል፤ የነበረ ነው፣ እኔ የጀመርኩት አይደለም። ልጅም አልወለድኩም፣ ምን ብዬ ልከራከር? ካሚል መልካም ሰው ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰው አያስቀይምም። ስለዚህ ነገር የምጽፈው የለኝም።

ያዮ ዛሬ ሥራ ጀመረ። አባ ከጀልባቸው አጠገብ ሆነው ያዩታል፤ አይከለክሉትም። እያፏጨ ነው የሚሠራው፤ ፉጨቱም ዜማ የለውም። ድንጋይ ሲያነሳ «በአላህ ስም» ይላል፣ ሲያስቀምጥ ደግሞ ድንጋዩን ያመሰግነዋል። ግራ እጁ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ፤ ከምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሩዙን በላ፣ ዓሣውን በላ፣ ድስቱ ውስጥ አጎንብሶ አየ። «ዓሣ ለማዳን የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ዓሣ ይበላል?» ብለው ኢና መይረም ጠየቁት። «ይሄኛው አልተማፀነኝማ» አላቸው። አማቴ እየሳቁ ሄዱ። እኔ አልሳቅሁም። በኋላ፣ ዕቃ ሳጥብ ነው የሳቅሁት።

ዲሴምበር 15፣ ሰኞ

ነፋስ። የአንዱ ጎጆ ጣሪያ ሄደ። እንግዶቹ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ተገርመው ፎቶ አነሱት።

ዓሣው ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ አፉን ይከፍታል፤ ሙላት በደፉ ስንጥቅ ምግብ ያስገባለታል። ትንንሽ ቢጫ ዓሦች ከፊቱ ከፊቱ ይዋኛሉ፤ ሠርገኛ ይመስላሉ።

የሰማሁት፦ ኢና መይረም ለጎረቤት፣ «ምራቴ ዓሣ ለማየት ኩል ተኩላ ነው የምትሄደው።»

ኩል ፀሐይ ከባሕር ላይ ስታንፀባርቅ ለዓይን ጥሩ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

አልሆነም።

ለዛሬ ስንት ቀን ተለፍቶ! መላው መንደር ወጥቶ ነበር። ውሃው መጣ፣ መጣ፣ ደፉን ሸፈነ፣ ከዚያ ቆመ። ያዮ መረቡን ከኋላ እየጎተተ ዓሣውን ወደ መውጫው አቀረበው። ዓሣው ራሱን አስገባ፤ ሆዱ ድንጋዩን ነካ። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ጅራቱን ቢመታ መረቡ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ፤ ያዮም ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ ፊቱን አየሁ፤ አልሳቅሁም።

አባ ይህን ሁሉ ጀልባቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አዩ። ሙላቱ ሲመለስ፣ «እንግዲህ ወፍሯል ማለት ነው» አሉ።

ካሚልም የደረሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነው፤ ለዘይቱ ሰማያዊ በርሜል ይዞ። ስትሸነፍ የሚያይህ ሰው አይጠፋም። ከያዮ ጋር ተጨባብጠው ስለ መኪና ሞተር ማውራት ጀመሩ፤ እስኪመሽ አላቆሙም። ሁለቱም ምንም የማያሳስባቸው ሰዎች ናቸው።

ዲሴምበር 21፣ እሑድ

አባ ዘንድ ሄጄ እስከ ሙሉ ጨረቃ ድረስ እንዲታገሡ ለመንኳቸው። የዚህኛው ሙላት ደካማ ነው፣ የጃንዋሪው ብርቱ ነው፣ ይህን እኔ ሳልሆን ባሕሩ ነው የሚናገረው አልኳቸው።

«ይወፍራል ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዲሄድ ነው የምትለምኚው» አሉ።

ለካ ማድለቡ ውሸት እንደሆነ ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን የጀልባውን ስንጥቅ እንደገና በጥጥ እየወተፉ ቀና አላሉም። በመጨረሻ፣ «ጀልባው ስንት ዓመት ጠብቋል። አንድ ጨረቃ አይገድለውም። ያኛውም ጉዳይ እንደዚያው» አሉ።

ያኛው ጉዳይ። ስም እንኳ የለኝም።

ዲሴምበር 25፣ ሐሙስ

ለፈረንጆቹ በዓላቸው ነው፤ ፍየል ጠበስኩላቸው፣ አለቀሱ። ደስ ብሏቸው ነው አሉ።

ካሚል ኩሬው ዳር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ውሃ ይፈራል፤ የባሕር ሰው ልጅ ሆኖ እግሩን እንኳ አያስነካም። ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፤ ስለ ከተማው ሙቀት፣ ስለ ቤት ኪራይ። ከዚያ ሚስቱ ይህን ጉዳይ ስትሰማ ፍራሹን አውጥታ መንገድ ላይ እንደጣለችበት ነገረኝ። ወደዚህ ሲመጣም «ብቻህን ካልተመለስክ ፍራሹን ተከትለህ ትወጣለህ» ብላዋለች።

«አልከፋሽም?» አለኝ።

«ትንሽ ከፋኝ» አልኩት። ክብር አለኝ፤ እልል ልበል?

አባን እሱ እንዲነግራቸው ጠየቅሁት፤ ልጃቸው ነው። ልጃቸው ስለሆነ ነው የማልችለው አለ። አንቺ ንገሪያቸው አለኝ፤ ምራታቸው ስለሆንኩ አልችልም አልኩት። እንዲህ ስንባባል ዓሣው ከፊታችን ሦስቴ ዞሮ አለፈ።

ዲሴምበር 28፣ እሑድ

ዓሣው መዞር ትቷል። ጥግ ይዞ ይቆማል። ሠርገኞቹ ቢጫ ዓሦች ጥለውት ሄደዋል። የጀርባው አጥንት መስመር ይታያል፤ ትናንት ጥላው ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር፣ ዛሬ ጥላ አልነበረም።

ይወፍራል ያልኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን በአባ ስለት ቢሄድ ኖሮ አንድ አፍታ ነበር፤ ዘይቱም ይገኝ ነበር፣ ጀልባውም ይቀባ ነበር። እኔ አዳንኩት ብዬ በረሃብ እየገደልኩት ነው። ለማን ብዬ? ለዓሣው ነው? ወይስ ጀልባው ባሕር ሲገባ ያኛውም ጉዳይ አብሮ ስለሚገባ? ይህን አልመልስም። እንቅልፌ መጥቷል።

አልመጣም። ያዮ ሁለት ቀን ሆነው፤ አልመጣም። መረቡን እየጠገነ ነው ይላሉ። መረብ መጠገን ሁለት ቀን አይፈጅም። ስለ ዓሣው ነው የምጨነቀው፤ እሱ ከሌለ ማን ያስወጣዋል?

ይባስ ብሎ፣ አባ ዛሬ በካሚል አስቀዝፈው ማዶ ተሻገሩ። (ካሚል ዓይኑን ጨፍኖ ነው አሉ የቀዘፈው።) ከያዮ ጋር ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ምን ተባባሉ? ካሚልን ጠየቅሁት፤ ጀልባው ውስጥ ተኝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይፈጠራል?

ጃንዋሪ 2፣ ዓርብ

ያዮ መጣ። መረቡ ከቀድሞው ሰፍቶ ነው የመጣው፤ ለካ በራሱ መረብ ላይ የሞተ ወንድሙን መረብ ቀጥሎበት ነው። ሩዙ ላይ ቅቤ አበዛሁ፤ ለሥራው ይበርታ ብዬ።

ከጁምዓ መልስ አባ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው አስረው ኩሬው ውስጥ ገቡ። ቢላዋው ወገባቸው ላይ ነበር። ዓሣው አልሸሸም፤ የሚሸሽበት አቅምም አልነበረውም። አባ ውሃው ደረታቸው ላይ እስኪደርስ ሄደው እጃቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ፤ አዲስ ሳንቃ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ከራሱ ወደ ጅራቱ እየዳሰሱ ሄዱ፣ ተመለሱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንዳሉት ማንም አልሰማም።

ሲወጡ ቢላዋው እንደተሰካ ነው።

«ጉበቱ ትንሽ ነው። ለጀልባ አይበቃም» አሉ።

ካሚል አፉን ከፈተ፤ «አባ፣ እንዲህ የሚያህል ዓሣ ጉበቱ…» ሊል ሲል ኢና መይረም እግሩን ረገጡት። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ተስማማ፤ ትንሽ ነው፣ ከሩቁም ያስታውቃል፣ የዘንድሮ ዓሣ ጉበት የለውም። ያን ያህል ሰው በአንድ ቃል ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። አባ ሰማያዊውን በርሜል ለአማቴ የዝናብ ውሃ ይያዝበት ብለው አዘዙ።

ጃንዋሪ 3፣ ቅዳሜ

ልብሴ ሳይደርቅ ነው የምጽፈው።

ሙላቱ ዓሣው ከገባበት ሌሊትም በለጠ። ደፉ ጠፋ፤ ኩሬውና ወሽመጡ አንድ ውሃ ሆኑ። ያዮ እንደ ባለፈው መጎተት የለም አለ፤ መረቡ ከኋላ ግድግዳ ይሁን፣ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ሰሌን ይዘው መንገድ ያብጁ፣ የሚሄደው ራሱ ይሂድ። ሰሌን ይዘን ውሃ ውስጥ ቆምን። የጎጆዬ ጣሪያ ሳይቀር ተነቅሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ፈረንጆችም አንዱን ጫፍ ያዙ። ካሚል፣ ውሃ የሚፈራው ካሚል፣ እስከ ወገቡ ገብቶ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

ዓሣው አልተነሳም። ውሃው መመለስ ሊጀምር ነው። ያዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያናድደውን ፉጨቱን ጀመረ። ፉጨቱ ይሁን፣ ከደፉ ላይ የገባው ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ አላውቅም፤ ዓሣው ጅራቱን አንድ ጊዜ አንቀሳቀሰ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጨመረ። በሰሌኖቻችን መሃል መጣ። እግሬን ታክኮ አለፈ፤ ቆዳው እንደ አባ የእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ሻካራ ነው፣ ቋንጃዬን ልጦታል፤ አሁንም ያቃጥላል። ደፉ ላይ ሆዱ ነካ አደረገ። ከዚያ አለፈ። ጀርባው ለጥቂት ጊዜ ወሽመጡ አፍ ላይ ካለው ጥቁር ቋጥኝ አጠገብ ታየ፣ ጠለቀ፣ አበቃ።

ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ጀልባቸው ሄዱ።

ያዮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። «ጨው ገብቶብኝ ነው» አለ።

«አዎ፣ ባሕር ነው፤ ጨው አለው» አልኩት።

ጃንዋሪ 4፣ እሑድ

አባ ሁላችንንም ጠሩን። ጉዳዩ ደረሰ ብዬ ነጠላዬን አጥብቄ ሄድኩ። ካሚል የሚታረድ በግ መስሏል።

አባ እሱን ቀድመው ጠየቁት፤ ከተማ ያለው ቤት ክፍሉ ስንት ነው? አንድ ክፍልና በረንዳ ነው አለ። «ጠባብ ነው። ሁለት ሴት አይገባበትም። ተወው» አሉት። ካሚል ተሰድቦ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም፤ እጃቸውን ሳመ፣ የእናቱን እጅ ሳመ፣ ተሳስቶ የእኔንም ሳመ።

ሌሎቹ ሲወጡ አባ እኔን አስቀሩኝ።

«ዳውድን በዚህ ቤት ስሙን የምትጠሪው አንቺ ነሽ» አሉ። «እናቱ መጥራት አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም። አንቺ ከሄድሽ ማን ይጠራዋል ብዬ ነው የያዝኩሽ።»

«አባ፣ ማዶም ብሆን እጠራዋለሁ» አልኳቸው።

ማዶ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸው ግን አልገረማቸውም። «ያ ሰው ሻይ ሊያጠጣኝ ግማሽ ቀን ዳጉ አወራኝ» አሉ። «ትዕግሥት ካለሽ መልካም ሰው ነው።»

ጃንዋሪ 9፣ ዓርብ

ጀልባው ባሕር ገባ።

በሰሊጥ ዘይትና በፍየል ሞራ ነው የተቀባው፤ ሽታው ለአንድ ሳምንት ምግብ ያስጠላል። መንደሩ በሙሉ ገፋው። አባ መሪውን ያዙ፣ ያዮ ሸራውን፣ እኔም ማንም ሳይጠራኝ ዘልዬ ገባሁ። ኢና መይረም ከዳር ሆነው ለጎረቤታቸው አንድ ነገር ሲሉ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ለመስማት አልሞከርኩም፣ ኩል ተኩዬም ነበር።

ከደፉ ወጥተን ነፋሱ ሸራውን እንደሞላው እግሬ ራሰ። ጀልባው ያፈሳል። በአንድ ቦታ አይደለም፣ በሁሉም ቦታ ነው። አባ ፊታቸው ላይ ከዳውድ ሞት ወዲህ ያላየሁት ነገር ነበር፤ ነፋሱ ጢማቸውን እየገለበጠው፣ «አዲስ ጀልባ ይጠጣል። እንጨቱ ሲያብጥ ራሱ ይዘጋል» አሉ። ወደ ታች አላዩም። እኛ ሁለታችን ግን ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ነበርን።

ያዮ ያን ጊዜ ነው የመረጠው። ድስት የሚያህል ጣሳ ይዞ፣ ጎንበስ እንዳለ፣ ዳጉም ሳይለዋወጥ፣ አንድ ወሬ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ሐስና፣ ታገቢኛለሽ?» አለኝ።

አባ ወደ ሰማይ አዩ፤ በድንገት ስለ ወፎች ማሰብ የጀመሩ መሰሉ።

«መጀመሪያ ውሃውን ጨልፍ» አልኩት።

ሰው እንደዚያ ሲጨልፍ አይቼ አላውቅም። በሁለት እጁ፣ ሳያፏጭ፣ ቀና ሳይል፣ ወሽመጡን ዞረን እስክንመለስ ድረስ። ዳር ስንደርስ የጀልባው ሆድ ደርቆ ነበር።

እሺ አልኩት።